ለሠራተኛ ጆሮ የሚነበብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሥራና ስለ ንባብ ነው። የምንነሣው ከኩባ የትንባሆ ፋብሪካ ሲሆን የምንደርሰው እዚሁ ሜልበርን፣ ካርልተን ሰፈር፣ ትሬድስ ሆል ከሚባለው የሠራተኛ ማኅበራት ቤት ደጅ ወደ ቆመው የአንዲት ሴት የነሐስ ሐውልት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም ለይቼ እነግራችኋለሁ።

እስቲ አንድ ሰፊ አዳራሽ በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉ። ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞች በረጅም ጠረጴዛዎች ላይ በረድፍ ተቀምጠው የትንባሆ ቅጠል እየዘረጉ፣ እየቆረጡ፣ እየጠቀለሉ ሲጋር ይሠራሉ። ሥራው የጣት ሥራ ነው። ዓይንና እጅ ይይዛል፤ ጆሮን ግን አይፈልገውም። ሞተር ስለሌለ ጫጫታ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የምነግራችሁ ልማድ የተወለደው ከዚህ ጸጥታ ነውና። ፈትልና ሽመና በሞተር የሚሠራበት ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ የሰው ድምፅ ከመዘውሩ ጩኸት በላይ ሊሰማ አይችልም ነበር።

በ1865 መጨረሻ ላይ፣ ሃቫና ውስጥ ኤል ፊጋሮ በሚባል የሲጋር ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹ አንድ ነገር ተስማሙ። ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን ትቶ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እሱ ሳይሠራ የቀረውን ሥራ ክፍያ ከየኪሳቸው አዋጥተው ይሰጡታል። ሳቱርኒኖ ማርቲኔስ የተባለ የትንባሆ ሠራተኛ ላ አውሮራ የተሰኘ የሠራተኞች ጋዜጣ በዚያው ዓመት ጀምሮ ነበር፤ ሐሳቡን ከፍ አድርጎ ያራገበው ያ ጋዜጣ ነው። ወዲያው ፓርታጋስ በተባለው ትልቅ ፋብሪካም ንባቡ ተጀመረ፤ አንባቢው ከሁሉም እንዲታይና እንዲሰማ ከፍ ያለ መቆሚያ ተሠራለት።

ጊዜው ሲሄድ አንባቢነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አንባቢ መሆን የሚፈልግ ሰው በሠራተኞቹ ፊት ቀርቦ ይፈተናል። ማይክሮፎን በሌለበት አዳራሽ ድምፁ እስከ መጨረሻው ረድፍ መድረስ አለበት። በልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ እንደ ሽማግሌ፣ ልጃገረዷን እንደ ልጃገረድ አድርጎ መናገር ይጠበቅበታል። ጠዋት ጋዜጣ ይነበባል፤ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ። የትኛው መጽሐፍ ይነበብ የሚለው በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። የአሌክሳንደር ዱማ፣ የቪክቶር ሁጎ፣ የሰርቫንቴስ ሥራዎች ፊደል ያልቆጠረው ሠራተኛ ጭምር የሚያውቃቸው ታሪኮች ሆኑ። ሞንቴክሪስቶ የተባለው የሲጋር ስም እስከ ዛሬ ያለው ከዱማ ልብ ወለድ የተነሣ ነው። አንባቢው ደስ ሲያሰኛቸው ሠራተኞቹ የቅጠል መቁረጫ ቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ያጨበጭቡለታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንባቢውን የሚከፍለው ማን ነው? ባለ ፋብሪካው አይደለም፤ መንግሥትም አይደለም። አድማጩ ነው። መጽሐፉን የሚመርጠው ማን ነው? አሁንም አድማጩ ነው። እኔ ይህን ልማድ ከብዙ ዓይነት የሠራተኛ ትምህርት አብልጬ የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው። ድሃ ሠራተኛ ከዕለት እንጀራው ቀንሶ ለጆሮው ገዛ።

ገዢዎቹም የነገሩን ጉልበት ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ንባቡ በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ1866፣ የስፔን ቅኝ አገዛዝ ባለሥልጣን በፋብሪካ ውስጥ መጽሐፍና ጋዜጣ እያነበቡ ሠራተኛን ከሥራው ማዘናጋት ክልክል ነው ሲል አዋጅ አወጣ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ የኩባ የነፃነት ጦርነት ፈነዳ። ብዙ የሲጋር ሠራተኞች ባሕሩን ተሻግረው ፍሎሪዳ ገቡ፤ አንባቢያቸውንም ይዘው ሄዱ። ቪሴንቴ ማርቲኔስ ኢቦር የተባለ ባለ ፋብሪካ በታምፓ አጠገብ ለሲጋር ሥራ አንድ ሙሉ ሰፈር ቆረቆረ። የኩባ የነፃነት ታጋይ ሆሴ ማርቲ በ1891 እዚያ ሄዶ ለእነዚያ ሠራተኞች ስለ ኩባ ነፃነት ሲናገር፣ ለዓመታት ማዳመጥን የለመደ ጆሮ ነው የጠበቀው። ለትግሉም ከደመወዛቸው አዋጥተው ሰጡ።

ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል በስም ላነሣት የምፈልጋት ሉዊሳ ካፔቲዮ ናት። በ1879 በፖርቶ ሪኮ፣ አሬሲቦ ከተማ ተወለደች። እናቷና አባቷ ቤት ውስጥ አስተማሯት፤ ከዚያ በከተማዋ የትንባሆ ፋብሪካ አንባቢ ሆነች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ከፍ ካለ መቆሚያ ላይ ሆና ለሠራተኛ ማንበቧ ብቻውን ድፍረት ነበር። እሷ ግን ካነበበችው ተነሥታ ወደ ራሷ ሐሳብ ተሻገረች። በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ቀስቃሽ ሆነች፤ በ1911 ስለ ሴቶች መብትና ነፃነት መጽሐፍ አሳተመች፤ በኋላ ታምፓ ሄዳ እዚያም አነበበች። በ1915 ሃቫና ውስጥ ሱሪ ለብሰሽ በአደባባይ ሄድሽ ተብላ ታሰረች። በ1922 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ አረፈች።

በታምፓ ንባቡ ያበቃው በ1931 ነው። ባለ ፋብሪካዎቹ አንባቢዎቹ አመፅ ይዘራሉ ብለው መቆሚያዎቹን አፈረሱ። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ ሆኖም አንባቢዎቹ አልተመለሱም። በቦታቸው የገባው ሬዲዮ ነው። አዎ፣ አድማጮች፣ ይህ እኔ አሁን የምናገርበት መሣሪያ። ሬዲዮ ሙዚቃ ያሰማል፤ ዜናም ይናገራል። ግን ማንን እንስማ ብሎ ሠራተኛው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን አብሮ ቀረ። ስለዚህ የሬዲዮ ሰው ሆኖ ይህን ታሪክ የሚናገር ሁሉ ኃላፊነቱ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ። በኩባ ግን ልማዱ አልሞተም፤ የፋብሪካ አንባቢዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ አገሪቱም የባህል ቅርሷ አድርጋ መዝግባዋለች።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደገመው በድምፅ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ተጠርቶ የሚነበበው በድምፅ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተሰኘውን ዝግጅት ባቀረበ ጊዜ ደግሞ ንባብ ከቤተ ክርስቲያንና ከቤት ወጥቶ የሁሉ ሆነ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ታተመ። መጽሐፉን ገዝቶ ካነበበው ይልቅ አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማው ሕዝብ እጅግ ይበዛል ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን፣ ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ የማያውቃቸው የዚያ ትውልድ ሰው ጥቂት ነው። ልብስ ሰፊው መርፌውን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሳይጥል ልብ ወለድ ይሰማ ነበር። ሃቫናና አዲስ አበባ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አግኝተዋል፤ እጅ ሲሠራ ጆሮ መማር እንደሚችል።

የፋብሪካ ንባብም በአገራችን ነበር፤ ግን በሌላ መልኩ። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የውይይት ክበብ ተቋቁሞ ሠራተኛው ተሰብስቦ የፖለቲካ ጽሑፍ ይነበብለት ነበር። ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ አድማጮች ታስታውሱታላችሁ። ቅርጹን ብቻ ካየነው ከሃቫናው ጋር ይመሳሰላል፤ አንባቢ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ጽሑፍ አለ። ሆኖም ጽሑፉን የመረጠው ሠራተኛው አልነበረም፤ መቅረትም ያስጠይቅ ነበር። በግድ የተሰማ ንባብ ወደ ጆሮ ቢገባም ሰውየው የራሱ አያደርገውም። በአንጻሩ በ1971 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዚያው መንግሥት ሥር ሆኖ እንኳ፣ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ። ይህን መካድ አይገባም። ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚያነበውን ራሱ ይመርጣል።

አሁን ሜልበርን እንግባ።

በዚህች ከተማ የድንጋይ ጠራቢዎች ኤፕሪል 21 ቀን 1856 ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የግንባታ ሥራ ላይ መሣሪያቸውን ጥለው ወደ ፓርላማው ሕንፃ በሰልፍ ወረዱ። ጥያቄያቸው ደመወዛችን ሳይቀነስ በቀን ስምንት ሰዓት እንሥራ የሚል ነበር፤ አገኙትም። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ ስምንት ሰዓት ለራስ። ከትሬድስ ሆል ፊት ለፊት፣ በራስል ጎዳና ጫፍ፣ አናቱ ላይ ሦስት ስምንት ቁጥር የተያያዘበት ሐውልት ቆሟል፤ በትራም ወይም በእግር ስታልፉ ታዩታላችሁ። የዚያ ድል መታሰቢያ ነው።

ስምንቱን የራስ ሰዓት ምን ያደርጉበት ነበር? መልሱ በቤታቸው ስም ላይ ተጽፏል። ማኅበራቱ በ1859 የመጀመሪያውን አዳራሻቸውን ሲከፍቱ የሙያ ማኅበራት አዳራሽና የሥነ ጽሑፍ ተቋም ብለው ሰየሙት። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ የሚማርበት ቤት እንዲሆን ነበር ዓላማው። ዛሬ የምናየው ትልቁ ሕንፃ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው እየተጨመረ የተሠራ ነው። ለማንም ክፍት የሆነው የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አሁን ስቴት ላይብረሪ የምንለው፣ ያው በ1856 ነው የተከፈተው። የሃቫና ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ ላይ ድምፅ ገዛ። የሜልበርን ድንጋይ ጠራቢ፣ በመዶሻ ጩኸት መካከል ማንም ሊያነብለት የማይችለው ሰው፣ ጊዜ ገዛ፤ በዚያ ጊዜ ራሱ ሊያነብ። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳል።

ግን ያ ጊዜ የማን ነበር? የወንዱ። ሴቲቱ ከፋብሪካ ስትወጣ ልጅ አለ፣ ምግብ አለ፣ ልብስ አለ። ስምንት ሰዓቱም መጀመሪያ ላይ የተገኘው ለግንባታ ሙያተኞች እንጂ ለልብስ ሰፊ ሴቶች አልነበረም። በ1882 የሜልበርን ልብስ ሰፊ ሴቶች የቁራጭ ሥራ ክፍያቸው ሲቀነስ ሥራ አቆሙ፤ በትሬድስ ሆል ተሰብስበው በአውስትራሊያ የመጀመሪያውን የሴቶች ሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። በሩ ያኔ ተከፈተላቸው ማለት ይቻላል፤ ደመወዙ ግን አልተከተላቸውም።

ለምን እንዳልተከተላቸው ለማወቅ ሰንሻይን መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩበት፣ ገበያ የምትወጡበት ሰንሻይን። ስሙን ያገኘው ኤች ቪ ማኬይ የተባለ ባለሀብት የሰንሻይን ሃርቬስተር የእርሻ ማሽን ፋብሪካውን እዚያ ስለተከለ ነው። በ1907 ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ የዚያን ፋብሪካ ጉዳይ መርምሮ፣ ለአንድ ተራ ሠራተኛ ፍትሐዊ ክፍያ በቀን ሰባት ሽልንግ ነው ሲል ወሰነ። ስሌቱ የአሠሪው ትርፍ ስንት ነው በሚል አልተሠራም። አንድ ወንድ፣ ሚስቱና ሦስት ያህል ልጆቹ በሰለጠነ አገር ሰው ሆነው ለመኖር ምን ያህል ያስፈልጋቸዋል በሚል ነው የተሠራው። ለዓለም ሠራተኛ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን ሳላከብር አላልፍም። ነገር ግን እዚያው ውስጥ የሴቲቱ ድርሻ ተወሰነ። ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወንድ ነው ከተባለ ለሴት ያነሰ ይበቃታል ማለት ሆነ። በ1919 የሴት መነሻ ደመወዝ ከወንዱ 54 በመቶ ላይ ተቀመጠ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 75 በመቶ ደረሰ። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ብቻዋን የምታሳድገው ሴት የምትገዛው ዳቦ ግን በ75 በመቶ ዋጋ አይሸጥላትም ነበር።

ዜልዳ ዲአፕራኖ የተወለደችው በ1928 እዚሁ ካርልተን ነው። ወላጆቿ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ነበሩ። ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ገባች። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ አገባች፤ ሴት ልጅም ወለደች። ብዙ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠርታለች፤ ቆይታም ላረንደል በሚባለው የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል የጥርስ ነርስ ሆና ለዓመታት አገለገለች። በሄደችበት ሁሉ ያየችው አንድ ነገር ነበር። ሴቶቹ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው ያነሰ ይከፈላቸዋል፤ ስለ እነሱ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው።

በ1969 በሥጋ ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ትሠራ ነበር። ማኅበሩ የሴቶችን የእኩል ክፍያ ጥያቄ ለማስታረቅና ለግልግል ኮሚሽኑ አቀረበ፤ ጉዳዩ ለመላው አገሪቱ ሴት ሠራተኞች መለኪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዜልዳ ችሎቱን ተከታተለች። ስለ ሴቶች ዋጋ ይሟገቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ታዛቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ውሳኔው ሲወጣ እኩል ክፍያ የሚያገኙት ከወንድ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩት ብቻ ሆኑ፤ ያውም ቀስ በቀስ፣ እስከ 1972 በሚደርስ ጭማሪ። በአብዛኛው ሴቶች ብቻ የሚሠሩት ሥራ አልተነካም። ከአውስትራሊያ ሴት ሠራተኞች መካከል የተጠቀሙት 18 በመቶ ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ኦክቶበር 21 ቀን 1969 ዜልዳ ሰንሰለት ይዛ ወደ ኮመንዌልዝ የመንግሥት ሕንፃ ሄደች፤ በሩ ላይ ራሷን አሰረች። ፖሊሶች መጥተው ሰንሰለቱን ቆረጡት። በዐሥረኛው ቀን ደግሞ ቴልማ ሰለሞንና አልቫ ጊኪ የተባሉ ሁለት መምህራን አብረዋት ሆነው ሦስቱ የግልግል ፍርድ ቤቱን በር በሰንሰለት ዘጉት። የውሳኔው ወረቀት በሕግ ቋንቋ የተጻፈ፣ ብዙ ሴት ሠራተኛ የማታነበው ወረቀት ነው። ዜልዳ ሰውነቷን በር ላይ ስታስር ያንን ወረቀት ለከተማው ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው ብል አላጋነንኩም። ሉዊሳ ካፔቲዮ በአሬሲቦ መቆሚያ ላይ ሆና ያደረገችውን፣ እሷ በሜልበርን መንገድ ላይ አደረገችው።

በ1970 ሦስቱ ሴቶች የሴቶች የትግል ኮሚቴ አቋቋሙ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ የትራሙ ነው። ትራም ተሳፍረው የትኬቱን ዋጋ 75 በመቶ ብቻ ከፈሉ። ደመወዛችን የወንዱ 75 በመቶ ከሆነ የትራሙም ዋጋ እንደዚያው ነው አሉ። ለትኬት ቆራጩ ማስረዳት ነበረባቸው፤ ሲያስረዱም ትራም ሙሉ ሰው ሰማ። በዚያ ቀን ከሥራ ወደ ቤቷ ትመለስ የነበረች ሴት የደመወዝ ሕግን በአንድ ፌርማታ ርቀት ተማረች።

በ1972 መጨረሻ ኮሚሽኑ ሥራው የተለያየ ቢሆንም ዋጋው እኩል ከሆነ ክፍያውም እኩል ይሁን ሲል ወሰነ። የወንዶች ዝቅተኛ ደመወዝ ለሴቶችም እንዲሆን የተደረገው ደግሞ በ1974 ነው። ዜልዳ በ1977 የሕይወት ታሪኳን ጽፋ አሳተመች፤ በ2004 የአገሪቱን ክብር ተሸለመች፤ በ2018፣ በዘጠና ዓመቷ አረፈች።

ሐውልቷ የተመረቀው በሜይ 2023 ነው። ቀራጺዋ ጄኒፈር ማን ናት። የታሪክ ምሁሯ ክሌር ራይት ከሌሎች ጋር የመሠረተችው፣ በአውስትራሊያ አደባባዮች የሴቶች ሐውልት እንዲበዛ የሚጠይቀው ዘመቻ ከትሬድስ ሆል ጋር ሆኖ እውን አደረገው። ሜልበርን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐውልቶች አሏት። ገዥዎች፣ ጀነራሎች፣ አሳሾች፣ እግር ኳስ ተጫዋቾች በየቦታው ቆመዋል። በእውነት የኖሩ ሴቶች ሐውልት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚያም ውስጥ በፋብሪካ ሠራተኛነት ሕይወቷን የጀመረች ሴት መኖሯ ትልቅ ነገር ነው። ቦታውም በትክክል ተመርጧል። ሠራተኞች እናነብበታለን፣ እንማርበታለን ብለው በራሳቸው ገንዘብ በሠሩት ቤት ደጅ፣ በተወለደችበት ሰፈር ናት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። ከስቴት ላይብረሪ ወደ ሰሜን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስምንት ስምንት ስምንቱንም በዚያው ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የስደተኛው ጆሮ።

በ1973 ብሮድሜዶስ በሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከግሪክ፣ ከኢጣሊያ፣ ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያ የመጡ ነበሩ። የመገጣጠሚያው መስመር ፍጥነት፣ እንደ ማሽን መቆጠሩ አንገፍግፏቸው ነበር። የማኅበሩ መሪዎች ወደ ሥራ ተመለሱ ሲሏቸው በቁጣ እምቢ አሉ፤ ጁን ላይ አጥርና መስኮት እስከ መሰባበር ደረሰ። ከዚያ አድማ በኋላ የአውስትራሊያ ማኅበራት ስደተኛ ሠራተኛ በራሱ ቋንቋ ካልተነገረው፣ በራሱ ቋንቋም ካልተሰማ፣ አባል ነው ማለት በወረቀት ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ተገደዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975 አጋማሽ፣ በሲድኒና በሜልበርን የብዙ ቋንቋ ሬዲዮ ጣቢያዎች ተከፈቱ። የሜልበርኑ ስም 3 ኢኤ ነበር፤ በኋላ የኤስቢኤስ ሬዲዮ አካል የሆነው። ሲጀመር ዋናው ምክንያት ሜዲባንክ የተባለውን አዲሱን የሕክምና መድን ለስደተኞች በቋንቋቸው ማስረዳት ነበር። ሕጉ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ታትሟል፤ የሚያነብላቸው ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። በታምፓ አንባቢውን ከፋብሪካ ያስወጣው ሬዲዮ፣ በሜልበርን የስደተኛ ሠራተኛ አንባቢ ሆኖ ገባ። እኛም ዛሬ በአማርኛ ስንናገር የምንቀመጥበት ወንበር ያ ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ የመሰለው ካለ ጁላይ 2020ን ያስታውስ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ፤ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ቤቱ ውስጥ ተቆለፈ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ናቸው። ምን እንደሆነ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ምግብና መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ በቋንቋቸው ቶሎ የነገራቸው መንግሥት አልነበረም። ማስታወቂያውን እየተረጎሙ በስልክ ለእናቶችና ለአባቶች ያነበቡት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። የቪክቶሪያ ሕዝብ እንባ ጠባቂም በዚያው ዓመት መጨረሻ አፈጻጸሙ የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ ነበር ሲሉ ሪፖርት አወጡ። እነዚያን ወጣቶች ሐውልት የሚሠራላቸው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ዛሬ በሜልበርን ምዕራብ በመጋዘን፣ በሥጋ ማቀነባበሪያ፣ በጽዳት፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎቻችሁ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ትረካ ትሰማላችሁ። የወጋየሁን ድምፅ ሜልበርን ውስጥ ሣጥን እያነሣ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ማወቅ ያስደስታል። የሚጎድለው አብሮ መስማት ነው። ኢቦር ሰፈር ሦስት መቶ ሰው አንድ ምዕራፍ ሰምቶ ማታ ሲበተን ሦስት መቶው የሚከራከረው በአንድ ጉዳይ ነበር። የእኛ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ የቡና ሰዓት ለዚህ የተመቸ ነው። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው አንድ ምዕራፍ ቢያነብ፣ ቀጥሎም አንድ ሰው የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ አንድ በአንድ በአማርኛ ቢነበብለት፣ ወጪው ቡናው ብቻ ነው።

ለዚህ የሚረዳችሁን መረጃ ልስጥና ልጨርስ። በአውስትራሊያ አሠሪ ደመወዝ በከፈለ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የደመወዝ ወረቀት መስጠት አለበት። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ የሠራችሁት ሰዓት፣ የሰዓቱ ክፍያ፣ የተቆረጠው ግብርና የጡረታ መዋጮው ተለይቶ መታየት አለበት። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ስለ መሠረታዊ መብታችሁ የሚያስረዳ የፌር ወርክ መግለጫ የመስጠት ግዴታም አለበት። ያልገባችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ ወደ ብሔራዊ የትርጉም አገልግሎት በ131 450 ደውሉ፤ አማርኛ በሉ። አስተርጓሚው ሲቀርብ ከፌር ወርክ ኦምበድስማን ጋር አገናኙኝ በሉት፤ የእነሱ ቁጥር 13 13 94 ነው። ወረቀቱን በእጃችሁ ይዛችሁ በስልክ አንብቡላቸው፤ እነሱም ሕጉን በአስተርጓሚው በኩል በአማርኛ ያስረዷችኋል። እርሳስ ያልያዛችሁ ካላችሁ የአስተርጓሚውን ቁጥር ልድገመው፤ 131 450።